ተቀበል

ባለፈው ክረምት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ቡና እየተቆላ ሳለ፣ የእህቴ ልጅ ኮምፒውተሯን ታቅፋ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «ጋሼ፣ ይህን አይተውት ያውቃሉ?» አለችኝ። ነጭ ካናቴራ የለበሰ፣ ሪዙ የጠቆረ ሰው ከግማሹ የተቆረጠ የማይክሮፎን ዘንግ እንደ ጦር ይዞ ከመድረኩ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሮጣል። ከፊቱ የቆመው ሕዝብ ዳርቻ የለውም። «በዓለም ላይ በመድረክ ከተሠሩት ሁሉ ይህ ይበልጣል ይላሉ» ብላ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

እሷ ሙዚቃውን ስትሰማ እኔ ከሥሩ የተጻፈውን ቀን አነበብኩ። በፈረንጆች አቆጣጠር ጁላይ 13 ቀን 1985 ይላል። በልቤ ወደ እኛ መለስኩት፤ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም.።

«ለማን ተብሎ እንደተዘፈነ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች።»

«እነማን ናቸው?»

ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ከዓይኔ ሥር ስታድግ፣ ከእነዚያ ሰዎች አንዱ እኔ እንደነበርኩ አንድም ቀን ነግሬያት አላውቅም።

በዚያ ዓመት የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ከቆቦ ወጣ ብሎ ራያ ሜዳ ላይ ነው። ማሽላው ሁለት ክረምት ተከታትሎ ከጉልበት በታች ደረቀ። አባቴ ሁለቱን በሬዎቹን ቆቦ ገበያ ነድቶ ሸጣቸው፤ የበሬ ዋጋ ወድቆ የእህል ዋጋ ሰማይ ነክቶ ስለነበር የሁለት በሬ ገንዘብ ይዞት የተመለሰው እህል አንድ ሰው ተሸክሞት የሚሄድ ነበር። ያ ሲያልቅ ቤቱን በእሾህ ዘግተን ተነሣን። በአላማጣ በኩል፣ ያንን ጠመዝማዛ ዳገት ሁለት ቀን ወጥተን የእርዳታ ጣቢያው ያለባት ኮረም ደረስን። የቆላ ሰዎች ነን፤ እንደዚያ ያለ ብርድ አይተን አናውቅም ነበር።

ኮረምን ዓለም ያወቃት ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው። የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል ቡርክ ያቀረበው ዘገባ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው በዚያ ቀን ሲሆን፣ ምስሉን ያነሣው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነበር። ስለዚህ ሰው አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም። ግራ ክንዱን በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ አጣ፤ በሰው ሠራሽ ክንድ ካሜራውን መልሶ ያዘ፤ በ1989 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሞተ። የእኛን ሞት ለዓለም ያሳየ ሰው ከእኛው ሰዎች ጋር ሞተ። ስሙን ስሰማ ዛሬም ከመቀመጫዬ መነሣት ያምረኛል።

ዘገባውን ከተመለከቱት መካከል ቦብ ጌልዶፍ የተባለ አየርላንዳዊ ዘፋኝ ነበረበት። በኅዳር ወር የእንግሊዝን ዘፋኞች ሰብስቦ ሸክላ አስቀረጸ፤ በሐምሌ ደግሞ ለንደን ዌምብሌይ ስታዲየምና ፊላደልፊያ ውስጥ በአንድ ቀን ሁለት ትልልቅ ኮንሰርቶች አዘጋጀ። ላይቭ ኤይድ የሚባለው ይህ ነው። ዌምብሌይ ውስጥ ብቻ 72 ሺህ ያህል ሰው ነበር። የለንደኑ ኮንሰርት የተጀመረው በእኛ ሰዓት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሲሆን፣ የእህቴ ልጅ ያሳየችኝ ኩዊን የተባለው ባንድ መድረክ ላይ የወጣው ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ነው። ዘፋኙ ፍሬዲ መርኩሪ ዛንዚባር የተወለደ የምሥራቅ አፍሪካ ልጅ እንደሆነ ሳውቅ ደስ አለኝ።

እውነቱን ልናገር። ያንን ምስል ለማየት የተቀመጥኩት ለመቆጣት ተዘጋጅቼ ነው። በእኛ ረሃብ ስም የተጨፈረ ጭፈራ አድርጌ ነበር ስጠብቀው። ሃያ አንድ ደቂቃ ሲያልቅ ግን እጄ አገጬ ላይ ነበር።

መጀመሪያ የገረመኝ መብራት አለመኖሩ ነው። በለንደን ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ ጭስ የለ፣ ቀለም የሚቀያይር አምፖል የለ፣ ሁሉም በቀን ብርሃን ይታያል። ሰዎቹ የሚደበቁበት ነገር አልነበራቸውም። ቆይቼ ሳነብ የባሰውን አወቅሁ። ለእያንዳንዱ ባንድ የተመደበለት ጊዜ ሃያ ደቂቃ ገደማ ነበር፤ መድረኩ ላይ እንደ መንገድ ትራፊክ መብራት የሚያስጠነቅቅ ምልክት ተተክሎ ነበርና ቀዩ ሲበራ ጊዜህ አልቋል ማለት ነው። ኩዊኖች ይህን አስበው ለንደን ውስጥ ሾው የተባለ ትንሽ ቲያትር ቤት ገብተው ሰዓት እየያዙ ተለማመዱ። ዘፈኖቻቸውን እየቆረጡ፣ አንዱን ከሌላው እየቀጠሉ ስድስቱን በዚያች ጊዜ ውስጥ አስገቡ። ሕዝቡም የእነርሱ ብቻ አልነበረም። ቲኬቱን ሲገዛ እነርሱ መኖራቸው ገና አልተነገረም ነበር። ለሌላ ሰው የመጣን አድማጭ የራስ ማድረግ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ፣ ሌላ ዘፋኝ ሲጠበቅበት በነበረ ሠርግ ላይ የዘፈነ ሰው ያውቀዋል።

ከዚያ ያ ጊዜ መጣ። ባንዱ ዝም አለ። መርኩሪ ብቻውን ቆሞ ቃል የሌለው ዜማ አወጣ፤ «ኤ-ኦ» ብሎ። ሕዝቡ መለሰለት። ረዘም አደረገው፤ መለሱለት። ጠመዘዘው፤ ከእርሱ ጋር ተጠማዘዙ። አንዷን ድምፅ ይዞ ሳይተነፍስ አቆያት፤ 72 ሺህ ሰው ይዟት ቆየ። የእህቴ ልጅ «ይኸው! ይህን ነው ያልኩዎት!» ብላ ክንዴን ያዘችኝ። እኔ ግን ጆሮዬ ሌላ ቃል ይሰማ ነበር። ይህ እኮ አውጪና ተቀባይ ነው። በሠርግ ቤት፣ በእርሻ ላይ፣ በጥምቀት ሜዳ እናቶቻችንና አባቶቻችን የሚያደርጉት ነው። አንዱ ያወጣል፣ ሕዝብ ይቀበላል። ከዌምብሌይ ስድስት ወር ቀድሞ እኔ ያንኑ ነገር ኮረም ላይ አይቻለሁ።

ጥር ነበር፤ ብርዱ አጥንት የሚሰብርበት ወር። ሌሊቱን የምናሳልፈው በድንኳን አጠገብ ነበር፤ ውስጡ ሞልቶ ነበርና። ሃያ የማንሞላ ሰዎች ነፋሱን በጀርባችን እየከለልን፣ ጭራሮ የለቀመ ልጅ ያነደዳትን ትንሽ እሳት ከብበን ተቀምጠናል። በመካከላችን አንድ አዝማሪ ነበር። ከላስታ በኩል የመጣ፣ አንድ ዓይኑ የፈሰሰ፣ ዕድሜው የማይታወቅ ሰው። በዚያ ጊዜ የሰው ሁሉ ዕድሜ አይታወቅም ነበር። ጭኖቹ መካከል ማሲንቆውን ይዟል።

ያንን ማሲንቆ አልረሳውም። መንገድ ላይ ሰው መኝታ ቁርበቱን እየቆረጠ ቀቅሎ ሲበላ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እኛም ከጎረቤት ጠፍር በልተናል። ያ ሰው የማሲንቆውን ቆዳ አልበላውም። ከላስታ ኮረም ድረስ ሆዱ እየጮኸ ተሸክሞት መጥቷል። ያኔ ልጅ ስለነበርኩ ያሰብኩት ቆዳው ስንት ቁራሽ እንደሚወጣው ነው። አሁን ሳስበው ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ይቀመጣል።

ማንም ዝፈን አላለውም። ጅራቱን ትንሽ አሻሸው፤ ድምፁ እንደ ታመመ ሰው ድምፅ ሻከረ፤ ቀስ ብሎ ተስተካከለ። አምባሰል ነበር። የወሎ ሰው አምባሰል ሲሰማ የሚሆነውን ለወሎ ሰው አላስረዳም፣ ለሌላው ማስረዳት ደግሞ አልችልም። አንድም ቃል አላለም። ማሲንቆው ብቻ እየሄደ፣ እየተመለሰ፣ ሰው እስኪናገር ይጠብቅ ጀመር።

አዝማሪ ቤት ገብቶ የማያውቅ አንባቢ ቢኖር አንድ ነገር ልንገረው። የአዝማሪ ጥበብ መዝፈን ብቻ አይደለም። አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይወረውርለታል፤ እርሱም ያንን ሳይጨምር ሳይቀንስ ወስዶ፣ ዜማ አልብሶ ለሰጪው ይመልስለታል። ስንኙ የአድማጩ ነው፤ ድምፁ የአዝማሪው። ሰው የራሱን ልብ በሌላ ሰው አንደበት ይሰማል።

መጀመሪያ የተናገረው አባቴ ነበር። አባቴን ሲዘፍን ሰምቼው አላውቅም፤ በሠርግ እንኳ ማዕዘን ይዞ የሚቀመጥ ሰው ነው። ዓይኑን እሳቱ ላይ ተክሎ፣ «ተቀበል» አለ።

በሬዬን ሸጥኩና በላሁት ዘንድሮ፣
ማረሻው ብቻውን ቀረልኝ ከጓሮ።

አዝማሪው ተቀበለው። ከሰዎቹ መካከል አንድ ሁለቱ «እህ» አሉ፤ እነርሱም ማረሻ የቀረላቸው ናቸው። ሌላ ሰው ስለ ደረቀ ወንዝ አንድ ስንኝ ሰጠ፤ አንድ ወጣትም ስለሄደችበት እጮኛው። አዝማሪው እያንዳንዱን ተቀበለ። ሁለት ጊዜም ሰው ሳቀ። አዎ፣ ሳቅን። የእርዳታውን ፋፋ ዱቄት ከቆንጆ ሴት ጋር ያመሳሰለ አንድ ሽማግሌ ነበርና።

ከዚያ ከጨለማው በኩል የሴት ድምፅ «ተቀበል» አለ። ፊቷን አላየሁትም። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች፤ ጭኗ ላይ የተጠቀለለ ልጅ አለ፤ ሌሎቹ ጎኗ ላይ ተደግፈው ተኝተዋል። ድምፅዋ ለዜማ የተሠራ አልነበረም። እንደሚነጋገር ሰው አለችው።

ማታ ስቆጥራቸው ልጆቼ አራት ናቸው፣
ሲነጋ ፈራሁኝ ደግሞ ልቆጥራቸው።

ማሲንቆው ቆመ። ያ አዝማሪ በሕይወቱ ስንት ሺህ ስንኝ እንደተቀበለ እግዚአብሔር ይወቀው፤ ያን ጊዜ ግን ጅራቱ እጁ ላይ ቀረ። ምን ያህል እንደቆየ መናገር አልችልም። እሳቱ ሲንጣጣ ይሰማኝ ነበር። እናቴ እጇን ራሴ ላይ አድርጋ ስትጫነኝ ትዝ ይለኛል፤ እኔን እየቆጠረች ነበር።

ከዚያ አዝማሪው ያለ ማሲንቆ፣ በባዶ ድምፁ ተቀበለው። የመጀመሪያውን ስንኝ ብሎ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገው፤ የተኙትን ልጆች ላለመቀስቀስ ይመስል ነበር። ደግሞ ከመጀመሪያው ጀመረ። አሁን ማሲንቆው ከሥር ገባ። በሦስተኛው ጊዜ ሃያው ሰው ሁሉ ከእርሱ ጋር አለው። ከኋላችን፣ ከሌላው እሳት ዙሪያ የነበሩትም አሉት። ከዚያ ወዲያ የነበሩትም። የእኛ እሳት ብቻዋን የበራች መስሎኝ የነበረው በዚያ ሜዳ ላይ፣ ስንት ሰው ነቅቶ ተኝቶ እንደነበር ያወቅሁት በዚያ ጊዜ ነው። ጨለማው በሙሉ «ሲነጋ ፈራሁኝ» ሲል ሰማሁት። ያቺ ሴት ራሷ አልተቀበለችም። ስንኟ ሜዳውን ዞሮ ወደ እርሷ ሲመጣ ጆሮዋን ሰጥታ አዳመጠችው።

አዝማሪ ግንባር ላይ የሚለጠፍ ብር በዚያ አልነበረም። አባቴ በመዳፉ የቀረችውን የስንዴ ንፍሮ ከሦስት ከፈላትና አንዱን ክፍል ለአዝማሪው ሰጠው። ሌሎችም ትንሽ ትንሽ ሰጡ። ሰውየው ተቀብሎ ግማሹን ለሴትዮዋ አሻገረ። «ስንኙ የአንቺ ነው» አላት።

ሲነጋ አራቱም ነበሩ። ይህን የጻፍኩት አንባቢ ሲጨነቅ እንዳይውል ነው። ከዚያ በኋላ ስላለው ቀን አላውቅም፤ ወደ ሌላ ድንኳን ተዛወሩ።

በሕይወቴ ብዙ መድረክ አይቻለሁ። ብሔራዊ ቲያትር ውስጥ ቆሜ አጨብጭቤያለሁ። በጥር 2017 ዓ.ም. ማሕሙድ አሕመድ በስንብት ኮንሰርቱ አዲስ አበባን ሲሰናበት፣ ያ ድምፅ ከስድሳ ዓመት በላይ ይዞን እንደቆየ እያሰብኩ አልቅሻለሁ። በዐቢይ ጾም በገና ሲደረደር ሰምቼ ሌሊቱን ሙሉ ሳልተኛ አድሬያለሁ። ስለ እነዚህ ሁሉ ብዙ መጻፍ ይቻላል፤ ለሌላ ቀን ይቆዩ። ከኮረሙ ሌሊት ጋር ግን የማስተካክለው የለኝም።

ስለዚህ የእህቴ ልጅ ኮምፒውተር ላይ መርኩሪን ሳየው ቁጣዬ የት እንደገባ ገባኝ። ሰውየው የሚሠራውን አውቀዋለሁ። ያ የላስታ አዝማሪ ቢያየው ኖሮ ሙያተኛ ብሎ ያከብረው ነበር። አንድ ልዩነት ግን አለ፤ ይህንንም ለእህቴ ልጅ ነገርኳት። ዌምብሌይ ላይ ስንኙን የሰጠው መድረኩ ነው፤ ሕዝቡ ተቀበለ። ኮረም ላይ ስንኙን የሰጠችው ከሁሉም የባሰባት ሴት ናት፤ መድረኩ ተቀበለ።

በዚያ ቀን ዴቪድ ቦዊ ከዘፈኖቹ አንዱን ትቶ፣ በዚያ ሰዓት ስለ ረሃቡ የተዘጋጀ ፊልም እንዲታይ አደረገ። በጣም የማከብረው ሥራ ነው፤ የራስን ዘፈን መተው ለዘፋኝ ቀላል አይደለም። ፊልሙ ከታየ በኋላ የዕርዳታው ገንዘብ በብዛት እንደመጣ ይነገራል። በዚያ ገንዘብ የተገዛ እህል በልቼ ይሆናል፤ ለሰጠ ሁሉ፣ ሳንቲም ለጣለ ልጅ ሳይቀር፣ ምስጋናዬ የልቤ ነው። ሆኖም በፊልሙ ውስጥ እኛ እንታያለን እንጂ አንሰማም። የፈረንጅ ዘፈን ተደርቦብናል። በሁለቱም መድረኮች ላይ አንድም ኢትዮጵያዊ ድምፃዊ አልቆመም። ያ ሁሉ ሕዝብ ስለ እኛ በተሰበሰበበት ቀን አንድ ሰው ወደ ማይክሮፎኑ ተጠግቶ በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በአፋርኛ ወይም በኦሮምኛ ሁለት ስንኝ ቢል፣ 72 ሺህ ሰው አይቀበልም ነበር? ቃል የሌለው ዜማ እንዲያ አድርጎ የተቀበለ ሕዝብ ይህንንም ይቀበል ነበር ብዬ አምናለሁ። የሚቆጨኝ ይህ ነው።

መልሳችን ዘግይቶም ቢሆን ሄዷል። በ1980 ዓ.ም. «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለ የኪነት ጓድ ተቋቁሞ፣ ዘፋኞችና ተወዛዋዦች ማሲንቆና ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ ይዘው በረሃቡ ጊዜ እጃቸውን የዘረጉትን ሕዝቦች ለማመስገን አውሮፓንና ሰሜን አሜሪካን ዞረዋል። የዚያን ጉዞ ነገር ዛሬ የሚያስታውስ ወጣት ጥቂት መሆኑ ያሳዝነኛል። ለማኝ ብቻ ተደርጎ የታየ ሕዝብ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ እስክስታውን መትቶ «ተቀበሉ» ያለበት መድረክ ነበር። የዌምብሌይን ደቂቃ በደቂቃ የምንቆጥር ከሆነ ያንንም ልንቆጥረው ይገባል።

ሐምሌ 6 ቀን እኛ ኮረም አልነበርንም። ሰኔ ላይ ዘር ተሰጥቶን ወደ ቀዬአችን ወርደን ነበር። አባቴ በሬ ስለሌለው እርሻውን በዶማ ይቆፍራል፣ እናቴ ከኋላው ዘር ትጥላለች፣ እኔ ወፍ እጠብቃለሁ። መርኩሪ ያንን ድምፅ ሲያወጣ በእኛ ቤት መሽቷል፤ ኩራዝም አልነበረንምና ተኝተን ነበር። አባቴ እስኪሞት ድረስ ስለ ላይቭ ኤይድ አልሰማም። የኮረሙን አዝማሪ ግን ማረሻ በጨበጠ ቁጥር ያነሣው ነበር፤ «ማረሻው ብቻውን» ብሎ ይጀምርና በሬዎቹን አይቶ ፈገግ ይል ነበር። በ1979 ዓ.ም. እንደገና በሬ ገዝቷል።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ስነግራት ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሶ ነበር። ኮምፒውተሩን ከደነችው። ለረጅም ጊዜ ምንም አላለችም፤ ከዚያ ወንበሯን አስጠግታ፣ «የሴትዮዋን ይስጡኝ» አለችኝ።

«ድምፅ የለኝም እኮ።»

«እርሷም አልነበራትም ብለዋል።»

«ተቀበይ» አልኳትና ሁለቱን ስንኝ እንደ ሰማኋቸው ሰጠኋት። ወዲያው አልመለሰችም። ዓይኗን ጨፍና ቆየች። እናቷ ጀበናውን ይዛ ሳትቀዳ ቆመች። ከዚያ ልጅቱ ተቀበለች፤ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ፣ ማንም ሳይነግራት፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገችው።